መርፌው አንገት ሲያጣምም፦ ስለ ዶፓሚን የሚወራውና የሚዘለለው

ዶፓሚን የሚለው የአንጎል ኬሚካል ስም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ስልካችን ውስጥ ከገባ ቆየ። በአማርኛ ስለ ራስ ማሻሻል የሚያወሩ የቲክቶክና የዩቲዩብ ሰዎች አፍ ላይ አይጠፋም። ስልክ ሲነካኩ ማምሸት ዶፓሚንን ይጨርሳል፣ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ይጨምረዋል፣ «ዶፓሚን ዲቶክስ»፣ ማለትም ከስልክና ከመሰል ነገር ለጥቂት ቀን መራቅ፣ ደግሞ ያስተካክለዋል ይባላል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ይህን ሰምቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጾሙን ራሱን «የዶፓሚን ጾም» ነው ብሎ የሚያብራራም አይጠፋም።

ከእነዚሁ ከተሞች በአንዱ፣ የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ፣ ሌላ ዓይነት የዶፓሚን ጉዳይ አለ። አንድ አባት ወጣት ልጁን ከገጠር ይዞ መጥቷል እንበል። ልጁ መርፌ ከተወጋ በኋላ አንገቱ ወደ ጎን ተጣሟል። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ምላሱም አልታዘዝ ብሎታል። አባት «መድኃኒቱ ልጄን አበላሸው» ይላል። ጎረቤት «የያዘው ነገር ተቆጥቶ ነው» ይላል። ዶፓሚን የሚል ቃል ማንም አላነሳም። ነገሩ ግን ከላይ እስከ ታች የዶፓሚን ነገር ነው።

ስልክ ላይ የሚወራው ዶፓሚን የደስታና የፍላጎት ብቻ ነው። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ዶፓሚን ተረስቷል። ለጎጃም ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ የተረሳው ክፍል ይመስለኛል። ጉዳዩን ለመረዳት ዶፓሚንን ለዓለም ያሳወቀውን ሰው የምርምር ሕይወት መከተል ይጠቅማል። (ከታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ካልሆኑ እናገራለሁ።)

ካልሲየም ያጠና የነበረው ሰው

አርቪድ ካርልሰን በ1923 በስዊድን ኡፕሳላ ተወለደ። ያደገውና ሕክምና የተማረው ሉንድ በተባለች ከተማ ነው። የመጀመሪያ ምርምሩ ከአንጎል ጋር አይገናኝም፤ ካልሲየም ላይ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መደብ ተወዳደረና ወደቀ። የካልሲየም ጥናት ለመድኃኒት ሳይንስ ዋና ጉዳይ አይደለም ተባለ። ካርልሰንም መስኩን ቀየረ።

በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደና በብሔራዊው የጤና ተቋም፣ በርናርድ ብሮዲ በሚመራው ቤተ ሙከራ ለጥቂት ወራት ሠራ። የብሮዲ ቡድን ሪዘርፒን የተባለ መድኃኒት ያጠና ነበር። ሪዘርፒን የሚወጣው ህንዶች በባህል ሕክምና ለዘመናት ከተጠቀሙበት ተክል ነው። በዚያን ጊዜ ለደም ግፊትም ለአእምሮ ሕመምም ይታዘዝ ነበር። ቡድኑ ሪዘርፒን ሴሮቶኒን የተባለውን ኬሚካል ከአንጎል ጠራርጎ እንደሚያወጣ ደርሶበታል። ካርልሰን «ሌሎቹንም ኬሚካሎች እንይ» አለ። ብሮዲን ሐሳቡ አልሳበውም። ካርልሰን ሉንድ ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር ራሱ ሞከረው።

ጥንቸሎች ሪዘርፒን ተወጉ። ጆሯቸው ወደቀ፣ ዓይናቸው ተከደነ፣ በተቀመጡበት ቀሩ። ቀጥሎ ኤል-ዶፓ ተሰጣቸው። ኤል-ዶፓ ሰውነት ዶፓሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጥንቸሎቹ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ተነሥተውም መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንጎላቸው ሲመረመር ሁሉም ሰው የጠበቀው ኖርአድሬናሊን የተባለው ሌላ ኬሚካል አልተመለሰም። የተመለሰው ዶፓሚን ነበር። እስከዚያ ድረስ ዶፓሚን ወደ ኖርአድሬናሊን መሸጋገሪያ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር እንጂ የራሱ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር። የጥንቸሎቹ ሙከራ በ1957 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዶፓሚን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ሲታወቅ የታየው በእንቅስቃሴ ነው። ጥንቸሎቹ ደስ ይበላቸው አይበላቸው የጠየቀ አልነበረም።

ሐሳቡ በቀላሉ አልተዋጠም። በ1960 ለንደን በተደረገ ጉባኤ የዘመኑ አንጋፋ ሊቃውንት ተጠራጠሩት። የአንጎል ነርቮች በኬሚካል ይነጋገራሉ የሚለው ገና ያልጸና አስተሳሰብ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ቪየና ውስጥ ኦለህ ሆርኒኪየቪች ፓርኪንሰን የተባለ፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ ሕመም ይዟቸው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ እጅግ ጎድሎ አገኘው። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሕሙማን ኤል-ዶፓን በትንሽ ጀምረው ቀስ እያሉ በብዛት ቢውጡት ከደረቁበት እንደሚነሡ አሳየ። ካርልሰን ኖቤል የተሸለመው በ2000፣ በ77 ዓመቱ፣ ከፖል ግሪንጋርድና ከኤሪክ ካንዴል ጋር ነው። ጥንቸሎቹ ከተነሡ 43 ዓመት አልፎ ነበር። በ2018 በ95 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ኬሚካል፣ የተለያየ ቦይ

ዶፓሚን «ነርቭ አስተላላፊ» ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት ሲሰድ የሚረጨው ኬሚካል ማለት ነው። መልእክቱን የሚይዘው በሚቀጥለው ሴል ላይ ያለ «ተቀባይ» የተባለ አካል ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የሚሠሩት አንድ ሚሊዮን አይሞሉም። ሥራቸውን የሚወስነው መልእክታቸው የሚደርስበት ቦታ ነው። መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ ማሰብ ይቻላል። ውኃው አንድ ነው፤ አንዱ ቦይ ወደ ስንዴ ማሳ፣ ሌላው ወደ ሽንኩርት ይወስደዋል።

አንደኛው የዶፓሚን መስመር እንቅስቃሴን ወደሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ይሄዳል። ሁለተኛው ፍላጎትንና ልማድን ወደሚመራው ይሄዳል። ሦስተኛው ለማቀድና ለማሰብ ወደምንጠቀምበት የፊተኛው አንጎል ይደርሳል። አራተኛው አጭር ነው፤ ከአንጎል ሥር ያለችውን ዕጢ ወተት የሚያመጣውን ሆርሞን በብዛት እንዳትለቅ ይይዛታል።

በ1963 ካርልሰንና ረዳቱ ማርጊት ሊንድክቪስት ክሎርፕሮማዚንና ሀሎፔሪዶል እንዴት እንደሚሠሩ ፍንጭ ሰጡ። ሁለቱም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ሰው የሌለ ድምፅ ሲሰማ ወይም ሁሉም ሊገድለኝ ነው ሲል ያረጋጋሉ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መድኃኒቶቹ ተቀባዮቹን እንደሚዘጉ ነው። በኋላ ዋናው የሚዘጋው የዶፓሚን ተቀባይ መሆኑ ተረጋገጠ።

ችግሩ ሀሎፔሪዶል መስመር አይመርጥም። ሐኪሙ የሚፈልገው ሁለተኛውን መስመር ማርገብ ነው። መድኃኒቱ ግን አራቱንም ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው ሲዘጋ አንገት ይጣመማል። ይህ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ሲሆን ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ግን ማርከሻ አለው። ሐኪም ቤት ቤንዝሄክሶል የሚሉት ኪኒን ለዚህ ነው ከዋናው መድኃኒት ጋር አብሮ የሚታዘዘው። በመርፌ ማርከሻው ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ «በሽታው ተመለሰ» ብሎ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ይህን የመጨረሻውን ነው። ዓመታት ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ፣ ከንፈርና ምላስን ያለ ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ ጉዳትም አለ። እርሱ ሁልጊዜ አይመለስም፤ ሐኪም ሊደብቀው አይገባም።

የአራተኛው መስመር መዘጋት ደግሞ ሴቶችን የሚጎዳበት መንገድ አለ፣ ብዙም አይወራም። ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ይለቀቃል። የወር አበባ ይቀራል፣ ያልወለደች ልጅ ጡቷ ወተት ሊያወጣ ይችላል። ይህ በገጠር ምን ዓይነት ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ መገመት አያዳግትም። ልጅቷ መድኃኒቷን ለምን እንዳቆመች ለማንም ሳትናገር ልትተው ትችላለች። አስቀድሞ ቢነገራት ግን መጠኑ ይቀነስላታል ወይም መድኃኒቱ ይቀየርላታል።

ታዲያ «የደስታ ኬሚካል» የሚባለው ከየት መጣ?

ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። በ1954 ካናዳ ውስጥ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር አይጦች አንጎላቸው ውስጥ በተተከለ ሽቦ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ ለመነካካት መጫኛውን ደጋግመው እንደሚጫኑ አዩ። በኋላ የተነካካው አካባቢ ከዶፓሚን መስመር ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ከዚያ «ዶፓሚን ማለት ደስታ ነው» የሚለው ተስፋፋ።

ቀጥሎ የመጡ ምርምሮች ይህን አሻሻሉት። ቮልፍራም ሹልትዝ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሴሎች አንድ በአንድ አዳመጠ። ጦጣው ሳይጠብቅ ጭማቂ ሲያገኝ ሴሎቹ ይነሡ ነበር። ከጭማቂው በፊት ምልክት እንደሚመጣ ከተማረ በኋላ ግን ለጭማቂው ዝም አሉ፣ ለምልክቱ ተነሡ። ምልክቱ መጥቶ ጭማቂው ሲቀር ከወትሮውም በታች ጸጥ አሉ። ሴሎቹ የሚናገሩት በጠበቁትና ባገኙት መካከል ያለውን ልዩነት ነው ማለት ነው። ኬንት በሪጅ ደግሞ ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲጨመር አሁንም እንደሚጣፍጣቸው በፊታቸው ሁኔታ አሳየ። የጠፋቸው ተነሥቶ መፈለጉ ነው።

ከዚህ አንጻር የስልኩ ወሬ ግማሹ ትክክል ነው። ቀጣዩ ቪዲዮ ምን ይሆን የሚለው ጉጉት የዶፓሚን ሥራ ነው። ስልክን ለጥቂት ቀን ማስቀመጥ ልማድን ለመስበር ይረዳል። ስሕተቱ ዶፓሚን በርሜል ውስጥ እንዳለ ነገር «ያልቃል»፣ «ይሞላል» መባሉ ነው። ስልክ ያስቀመጠ ሰው ዶፓሚኑ አይጠራም፤ ቢጠፋማ እንደ ጥንቸሎቹ ባለበት ይቀር ነበር። ጾምም የራሱ ትርጉም አለው፤ ለመከበር የኬሚካል ማስረጃ አያስፈልገውም። «ዶፓሚን የሚጨምሩ ምግቦች» ተብሎ የሚዘረዘረውም በጥንቃቄ ይታይ። ሙዝ ዶፓሚን አለው፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለ ዶፓሚን ወደ አንጎል አያልፍም።

ጫትና አረቄ

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ እምብዛም ያልነበረው የጫት ማሳ ዛሬ ባሕር ዳር ዙሪያ የተለመደ ነው። ገበሬው ለምን እንደ ተከለው ግልጽ ነው፤ ከበቆሎ የተሻለ ገንዘብ ያመጣል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 ነው ተለይቶ የታወቀው። አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል፤ ነርቩ ያጠራቀመውን ዶፓሚን ገፍቶ ያወጣል።

ለጤናማ ሰው ይህ የምርቃና ሰዓት ነው። ድምፅ ይሰማው ለነበረና የሀሎፔሪዶል መርፌ እየተወጋ ላለ ሰው ግን መድኃኒቱ የሚያረግበውን ጫቱ ያስነሣዋል። «መርፌው አልሠራለትም» ከመባሉ በፊት ይቅማል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው በቁጣ ከሆነ መልሱ ውሸት ይሆናል።

አረቄ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አልኮል ዶፓሚንን በቀጥታ አይገፋም፤ ሌሎች አስተላላፊዎችን ነክቶ በተዘዋዋሪ ይጨምረዋል። ዳግም አረቄ 40 ከመቶ የሚያልፍ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚንቀጠቀጠውና የሌለ ነገር የሚያየው አንጎሉ ማርገቢያውን ስላጣ ነው። ይህ ሊገድል ይችላልና ቤት ውስጥ አስሮ ማስተው አደገኛ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚሠራ ጉዳይ ነው።

«የኬሚካል መዛባት» ክርክር

በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ አጥጋቢ ማስረጃ የለም የሚል ሰፊ ግምገማ አወጡ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በየቋንቋው «የድባቴ መድኃኒት ውሸት ነው» ተብሎም ተተረጎመ። ጉዳዩ እዚህም ካርልሰንን ይነካል፤ ሴሮቶኒን ላይ ብቻ እንዲሠሩ ከታቀዱት መድኃኒቶች ቀዳሚውን፣ ዚሜሊዲንን፣ ያስጀመረው እርሱ ነው። መድኃኒቱ በ1982 ገበያ ወጥቶ ነርቭን በሚጎዳ ብርቱ ጠንቅ ምክንያት በማግሥቱ ዓመት ተሰበሰበ። የእርሱ ዓይነት የሆነው ፕሮዛክ ግን ተከተለ።

የግምገማው ተቺዎች ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል ይላሉ። ሕመሙ ከምን መጣ የሚለው አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ይረዳል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ትኩሳት የሚመጣው ከፓራሲታሞል ማነስ አይደለም፤ ፓራሲታሞል ግን ያበርደዋል። ይህ ሚዛናዊ አቋም ይመስለኛል። ሞንክሪፍ ትክክል የሆነችበት ነጥብም አለ። ለሕመምተኛ «ኬሚካልህ ስለጎደለ ነው» ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። ሐዘን፣ ዕዳና የተፈናቀለ ኑሮም ይደቁሳሉ።

ለከባዱ የአእምሮ ሕመም፣ ለስኪዞፍሬኒያ፣ የዶፓሚን ማስረጃው ጠንካራ ነው። በአንጎል ምስል ሲታይ የብዙ ሕሙማን አንጎል ዶፓሚን አብዝቶ ይሠራል። ሆኖም ሙሉ ታሪኩ እርሱ አይደለም። ክሎዛፒን የተባለው መድኃኒት የዶፓሚን ተቀባይን የሚይዘው በላላ ሁኔታ ነው፤ ሌሎቹ ያልረዷቸውን ግን ይረዳል። በመስከረም 2024 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አዲስ መድኃኒት ደግሞ የዶፓሚን ተቀባይን ጭራሽ አይዘጋም።

ጸበልና መርፌ

ጎጃም ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ወደ ጸበል ነው። ሰከላ ግሽ ዓባይ ለዚህ ከሩቅ ይመጣበታል። ይህን እንደ ኋላቀርነት የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። ጸበል ቦታ ሕመምተኛው ከሰው አይገለልም፣ ቤተሰብም ተስፋ አይቆርጥም። የሚያሳስበው «ጸበል ከጀመርክ መድኃኒት ተው» መባሉ ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኗ አባቶች ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ የሚል ምክር ተሰጥቷል። ያው ምክር ለአእምሮ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። አጥማቂውና የጤና ጣቢያው ነርስ ቢተዋወቁ አንገት የተጣመመ ልጅ ማርከሻው ያለበት ቦታ በፍጥነት ይደርሳል።

ሌላው እንቅፋት መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በየወሩ መወጋት ያለበት ሰው መርፌው ያልፈዋል። መርፌው ያለፈው ሰው ወዲያው አይታመም። ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል፤ ስለዚህ መቋረጡና ሕመሙ መመለሱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። አማራጭ ከጠፋ ለሐኪሙ ደውሎ በኪኒን እንዲቆይ መጠየቅ ይቻላል።

የሚንቀጠቀጡ ሽማግሌዎችና ባቄላ

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ፣ ፊታቸው የማይለዋወጥ ሽማግሌዎች በየመንደሩ አሉ። «እርጅና ነው» ይባላል፣ አንዳንዴም ነው። ከእነርሱ የተወሰኑት ግን ፓርኪንሰን አለባቸው። ምልክቱ ሲታይ እንቅስቃሴን የሚመራው መስመር ሴሎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሞተዋል። ሕክምናው ያው የካርልሰን ጥንቸሎች የተሰጣቸው ኤል-ዶፓ ነው፤ መድኃኒት ቤት ሌቮዶፓ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። በትናንሽ ከተሞቻችን ግን በቀላሉ አይገኝም።

የሚገርመው ኤል-ዶፓ ጮቄ ደጋ ላይ በየማሳው ይበቅላል። በ1913 ባዝል ላይ ማርከስ ጉገንሃይም ከባቄላ ለይቶ አወጣው። ምን እንደሚያደርግ ለማየት 2.5 ግራም ራሱ ዋጠ፤ ክፉኛ አስታወከው። ማቅለሽለሽ ዛሬም የሌቮዶፓ ዋና ችግር ነው። አሁን ኪኒኑ ውስጥ ካርቢዶፓ የሚጨመረው ኤል-ዶፓው አንጎል ሳይደርስ እንዳይለወጥና ሆድ እንዳይረብሽ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ ጥቂት የፓርኪንሰን ሕሙማን የተቀቀለ ባቄላ በልተው ሲጠኑ እንቅስቃሴያቸው በእርግጥ ተሻሽሎ ታይቷል።

«ታዲያ ባቄላ ይብሉ» ማለት ግን አይቻልም። መጠኑ ከዘር ዘር ይለያያል። እሸቱና በቆልቱ ከደረቁ ፍሬ የበለጠ አለው። ዛሬ የበላው ሲያነሣው ነገ ያው ሰሐን ምንም ላያደርገው ይችላል፣ ካርቢዶፓም የለበትም። ባቄላ ደማቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ሌቮዶፓ እየዋጡ ብዙ እሸት የሚበሉ ሽማግሌ ደግሞ መጠኑ ሊበዛባቸው ይችላልና ለሐኪማቸው ቢነግሩት ይሻላል።

ኪኒኑን ላገኘ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ኤል-ዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሲያልፍ ከምግብ ፕሮቲን ጋር ይሻማል። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተት ወይም ወፍራም ሽሮ ከመብላት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መዋጥ ይሻላል። ሆድ ካስቸገረ በቁራሽ ደረቅ ዳቦ መውሰድ ይቻላል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ አዛውንትም የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩበት ጥሩ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ያደርቃል፣ አንዳንዴም ለሕይወት ያሰጋል።